ሳሩ ምን ጎድሎታል? የሳር ሳይሌጅን ለክቶ ማቆያ የመምረጥ ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያ ሳይሌጄን፣ ማለትም አፍኜ ያቆየሁትን እርጥብ መኖ፣ ያበላሸሁት ማቆያ (እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨመር ነገር) ጨምሬበት ነው። ሳሩ የታጨደው ዝናብ ባባራ ማግስት ነበር። ሲጨበጥ ውሃ ይንጠባጠባል። "ማቆያ ስላለ ችግር የለም" ብዬ የገዛሁትን የባክቴሪያ ዱቄት በጥብጬ ረጨሁበት፣ ጠቀጠቅኩት፣ ሸፈንኩት። ከሁለት ወር በኋላ ስከፍተው ሽታው ልብሴ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ላሞቹ አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ። ጥፋቱ የዱቄቱ እንዳልሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያ ሳር የጎደለው ባክቴሪያ አልነበረም። ውሃው በዝቶ ስኳሩ አንሶ ነበር። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አልለካሁም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከማቆያ አይጀምርም፤ ከሳሩ ይጀምራል። ሳሩ ምን እንደጎደለው ካወቃችሁ የማቆያው ምርጫ ራሱ ይመጣል። አንዳንዴም ምንም እንደማያስፈልግ ታገኙታላችሁ።

ጉድጓዱ ውስጥ የሚካሄደው

ሳይሌጅ፣ ገፈራም ይባላል፣ አየር በሌለበት ተብላልቶ የቆየ እርጥብ መኖ ነው። የታጨደ ሳር ወዲያው አይሞትም። አየር እስካገኘ ድረስ ይተነፍሳል፣ ስኳሩን ያቃጥላል፣ ይሞቃል። በደንብ ተጠቅጥቆ ከታሸገ የቀረው ኦክስጅን በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር በሙሉ የባክቴሪያዎች ሽሚያ ነው። የሚሻሙት ደግሞ ስኳሩን ነው።

ጥሩዎቹ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ናቸው። እነሱም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት አንዱን ግሉኮስ ለሁለት ላክቲክ አሲድ ይከፍለዋል፤ የሚባክን ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ዓይነት ከአንዱ ግሉኮስ አንድ ላክቲክ አሲድ፣ አንድ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በዚህኛው መንገድ ከስኳሩ ክብደት ሩብ ያህሉ ጋዝ ሆኖ ይጠፋል።

መጥፎዎቹ ክሎስትሪዲያ ይባላሉ። ከአፈርና ከእበት ነው የሚመጡት። ተሠርቶ ያለቀውን ላክቲክ አሲድ መልሰው ይበሉታል። ሁለቱን ላክቲክ ወደ አንድ ቡቲሪክ አሲድ ይለውጡና ግማሹን ክብደት በጋዝ መልክ ያባክኑታል። ቡቲሪክ ደካማ አሲድ ስለሆነና በሁለት ፋንታ አንድ ስለሆነ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ አሲድ ሲበዛ ይወርዳል) ተመልሶ ይወጣል። ያ የገማ ቅቤ የሚመስል ሽታ የእሱ ነው። ክሎስትሪዲያ ሁለት ነገር አይወዱም፦ አሲድና ድርቀት። ይህን ያዙት፤ የቀረው መመሪያ በሙሉ እዚህ ላይ ነው የሚሽከረከረው።

ስለ ፕሮቲን አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነውና። በትኩስ ሳር ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ከ75 እስከ 90 በመቶው እውነተኛ ፕሮቲን ነው። ሳሩ እንደታጨደ የራሱ ኢንዛይሞች ይቆራርጡት ጀመር። ሳይሌጁ ሲከፈት ግማሹ ወይም ከዚያ ያነሰው ብቻ ሊቀር ይችላል። የላቦራቶሪው ወረቀት ግን "ጥቅል ፕሮቲን" የሚለው ናይትሮጅኑን በ6.25 አባዝቶ ነው። ፕሮቲኑ ወደ አሞኒያ ቢለወጥም ቁጥሩ ብዙም አይነቃነቅም። ወረቀቱ ላይ ያው ነው፣ ላሟ ዘንድ ግን ያው አይደለም።

ቃጫውን በተመለከተ አጭር ነው። ማቆያ የሸመገለ ሳርን ለጋ አያደርግም። የመፈጨት አቅሙ የሚወሰነው ባጨዳችሁበት ቀን ነው። ሳሩ አብቦ ዘር ከያዘ በኋላ ለማቆያ የምታወጡት ገንዘብ ጭድ ለማቆየት እንደወጣ ቁጠሩት።

ደረጃ 1፦ ደረቅ ቁሱን ለኩ

ደረቅ ቁስ ማለት ውሃው ሁሉ ቢወጣ የሚቀረው ነው። አዲስ የታጨደ ሳር አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 በመቶ ደረቅ ቁስ አለው። እኛ የምንፈልገው ከ28 እስከ 35 ነው።

የእጅ ፈተናው ይህ ነው። ሳሩን ከ1 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከትክቱት። አንድ እፍኝ ይዛችሁ ለግማሽ ደቂቃ አጥብቃችሁ ጨብጡት፣ ከዚያ እጃችሁን ክፈቱ። ጭማቂው ከፈሰሰና እንደ ኳስ ተጨብጦ ከቀረ ከ25 በመቶ በታች ነው። ኳሱ ሳይፈርስ መዳፋችሁ ብቻ ከረጠበ ከ25 እስከ 30 ውስጥ ነው። ኳሱ ቀስ ብሎ ከተፈታ ከ30 እስከ 40 ነው። ወዲያው ከተበተነ ደርቋል።

ቁጥር ከፈለጋችሁ ማይክሮዌቭና ትንሽ ሚዛን ይበቃሉ። ከተለያየ ቦታ ሰብስባችሁ ካደባለቃችሁት ሳር 100 ግራም መዝኑ። ማይክሮዌቩ ውስጥ ጥግ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጡ፣ ሳሩ እሳት እንዳይዝ። መጀመሪያ 3 ደቂቃ፣ ከዚያ አንድ አንድ ደቂቃ እያደረጋችሁ መዝኑ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም የቀረው ግራም በቀጥታ መቶኛው ነው። ካረረባችሁ እንደገና ነው፤ ያረረ ናሙና ይዋሻል። (ማብሰያ ማይክሮዌቭ ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ሳይመለስ ጨርሱ፤ ሽታው ቶሎ አይለቅም።)

እርጥብ ከሆነ በስሱ በትናችሁ አጠውልጉት። በአንድ ቀን ውስጥ ቢያልቅ ጥሩ ነው። ከሁለት ቀን በላይ ሜዳ ላይ ከዋለ ግን ስኳሩንም ፕሮቲኑንም እየበላ ነው የሚቆየው።

ደረጃ 2፦ ስኳሩን ከአሲድ መቋቋሙ ጋር አመዛዝኑ

ለጥሩ መብላላት በእርጥብ ሳሩ ክብደት ላይ 3 በመቶ ገደማ ስኳር ያስፈልጋል። ስኳሩ ብቻውን ግን በቂ መረጃ አይደለም። አንዳንድ ተክል አሲድ ቢገባበትም ፒኤቹ በቀላሉ አይወርድም። ጥራጥሬ መኖዎች፣ ለምሳሌ አልፋልፋ፣ ስኳራቸው አነስተኛ ነው፣ መቋቋማቸው ደግሞ ከፍተኛ ነው። ብዙ የናይትሮጅን ማዳበሪያ የጠጣ ሳርም ወደዚያው ያዘነብላል።

ሁለቱን በአንድ የሚያይ ቀመር አለ። የደረቅ ቁሱን መቶኛ ውሰዱ። በእያንዳንዱ ኪሎ ደረቅ ቁስ ውስጥ ያለውን የስኳር ግራም፣ ፒኤቹን ለማውረድ በሚያስፈልገው የላክቲክ አሲድ ግራም (የመቋቋሙ ልክ ይህ ነው) አካፍሉ። ውጤቱን በ8 አባዙና ከደረቅ ቁሱ ጋር ደምሩ። 45 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ሳሩ በራሱ ይብላላል። ከ35 በታች ከሆነ ያለ ርዳታ አይሆንለትም።

በምሳሌ እንየው። ሳሩ 20 በመቶ ደረቅ ቁስ አለው። ስኳሩ 100 ግራም፣ መቋቋሙ 50 ግራም ነው እንበል። 100 ለ50 ሲካፈል 2፣ በ8 ሲባዛ 16፣ ከ20 ጋር 36። አፋፍ ላይ ነው። ያንኑ ሳር ወደ 30 በመቶ ብታጠወልጉት 46 ይሆናል። የስኳሩ ስሌትም ያንኑ ይናገራል፤ መጀመሪያ በእርጥቡ ክብደት 2 በመቶ የነበረው 3 በመቶ ደረሰ። ምንም አልተገዛም። ፀሐይ ናት የሠራችው።

የላብ ምርመራ ካላገኛችሁ ለስኳሩ ብሪክስ (የጭማቂን ጣፋጭነት መለኪያ) የሚያሳይ ትንሽ መነጽር ግምት ይሰጣችኋል። ግምት ነው ያልኩት፤ ጭማቂው ውስጥ የሟሟውን ሁሉ ነው የሚቆጥረው። ፀሐያማ ቀን ከሆነ ከሰዓት በኋላ ማጨድ ስኳሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ሳሩ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሏልና። አጨዳው ከመሬት ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። አፈር ማለት ክሎስትሪዲያ ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ለጎደለው የሚሆነውን ማቆያ ምረጡ

ፎርሚክ አሲድ። ለእርጥብ ሳር የተፈተነው ይህ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከፊንላንዳዊው ኬሚስት አርቱሪ ኢልማሪ ቪርታነን ነው። እሱ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሃይድሮክሎሪክና ሰልፈሪክ አሲድ ሳሩ ላይ እየጨመረ ፒኤቹን ከ4 በታች አወረደው። ባክቴሪያ እስኪሠራው መጠበቅ ቀረ። በ1945 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ይህ የመኖ ማቆያ ዘዴ በስም ተጠቅሶለታል። በኋላ ፎርሚክ አሲድ የእነዚያን ቦታ ያዘ።

ልኩ 85 በመቶ ከሆነው ፎርሚክ አሲድ ለአንድ ቶን ሳር ከ3 እስከ 5 ሊትር ነው። ፒኤቹን ወዲያው ይጥለዋል፣ ክሎስትሪዲያን ይገታል፣ ፕሮቲን መቆራረጡን ያዘገየዋል። መብላላቱን ራሱንም ስለሚገድበው ሳይሌጁ ውስጥ ስኳር ይተርፋል፤ ላክቲክ አሲዱ ዝቅ ይላል። ዕዳውም አለ። እርሾዎች ፎርሚክን ይችሉታል፣ የተረፈውን ስኳር ደግሞ ይወዱታል። ስለዚህ ሲከፈት ቶሎ ሊሞቅ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ጭማቂም ይጨምራል።

ቆዳ ያቃጥላል፣ ትነቱ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፣ ብረት ይበላል። ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ አጠገብ ብዙ ውሃ። ስታቀጥኑት አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃን ወደ አሲድ በጭራሽ።

ሞላሰስ። የጎደለው ስኳር ከሆነ ስኳር ስጡት። ሞላሰስ ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ አንድ ቶን እርጥብ ሳር 20 ኪሎ ስኳር አለው፣ 30 ይፈልጋል። 10 ኪሎ ስኳር ማለት 20 ኪሎ ሞላሰስ ነው። ከጭማቂ ጋር የሚፈሰውን አስባችሁ 30 አድርጉት። በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ እርጩት። ሞላሰስ ውሃውን እንደማያስወግድ ግን አትርሱ። ሳሩ በጣም ከረጠበ ከታች የተከተከተ ጭድ አንጥፉ፤ ጭማቂውን ይጠጣዋል።

ላክቲክ ባክቴሪያ። እኔ በተሳሳተ ሳር ላይ ያባከንኩት ይህንን ነው። ስኳርና ተስማሚ ድርቀት ላለው ሳር በጣም ጥሩ ነው፤ የፒኤቹን መውረድ ያፋጥነዋል፣ ኪሳራውን ይቀንሰዋል። የሚበሉት ከሌለ ግን ሠራተኛ ብቻ ማብዛት ነው። ለአንድ ግራም እርጥብ ሳር ቢያንስ 100,000 ሕያው ባክቴሪያ መድረስ አለበት። አንድ ቶን አንድ ሚሊዮን ግራም ስለሆነ ለቶኑ 100 ቢሊዮን ይሆናል። የማሸጊያውን ጽሑፍ በዚህ ቁጥር መርምሩት። ክሎሪን በሌለበት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፣ በበጠበጣችሁበት ቀን ጨርሱት።

መሞቅን የሚከላከሉ። ሳሩ ከ40 በመቶ በላይ ከደረቀ ሥጋቱ ቡቲሪክ አይደለም። አየር ውስጡ ይቀራል፣ ሲከፈት እርሾና ሻጋታ ይነሣል። እዚህ ላይ ፕሮፒዮኒክ አሲድ፣ ሶዲየም ቤንዞኤት ወይም ፖታሲየም ሶርቤት ይሠራሉ። ላክቶባሲለስ ቡክነሪ (አሁን ሌንቲላክቶባሲለስ ቡክነሪ) የሚባል ባክቴሪያም አለ። እሱ ከላክቲኩ የተወሰነውን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጣል፤ አሴቲክ ደግሞ እርሾን ያደክማል። ዘገምተኛ ስለሆነ ሁለት ወር ገደማ ሳይከፈት መቆየት አለበት።

ዩሪያን ለእርጥብ ሳር አትሞክሩ። ወደ አሞኒያ ይለወጥና ፒኤቹን ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ እናንተ ደግሞ ወደ ታች ነው የምትፈልጉት። ፎርማልዲሃይድ በድሮ ጽሑፎች ታገኛላችሁ፤ ካንሰር አምጪ ስለሆነ እዚያው ይቅር።

ደረጃ 4፦ እኩል አዳርሱ፣ ጠቅጥቁ፣ አሽጉ

ማቆያ የሚከሽፍበት ትልቁ ምክንያት አረጫጨቱ ነው። አንዱ ጥግ እጥፍ ያገኛል፣ ሌላው ምንም አይደርሰውም። መጀመሪያ የሳሩን ክብደት እወቁ። አንድ ጭነት 2.5 ቶን ከሆነና ልኩ 4 ሊትር ለቶን ከሆነ፣ 10 ሊትሩ በዚያ ጭነት ላይ ማለቅ አለበት፤ አንድ ሊትር ቢተርፍም ስህተት ነው። በእጅ የምትሠሩ ከሆነ ሳሩን በ10 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እያነጠፋችሁ፣ በአትክልት ማጠጫ እያዳረሳችሁ ሂዱ።

ከዚያ መጠቅጠቅ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ቢያንስ 200 ኪሎ ደረቅ ቁስ ይግባ። ባለ 200 ሊትር በርሜል ላይ ስናወርደው፣ 30 በመቶ ደረቅ ቁስ ያለው ሳር 130 ኪሎ ገደማ መያዝ አለበት ማለት ነው። 90 ላይ "ሞላ" ካላችሁ፣ የሞላው አየር ነው።

በተሞላበት ቀን አሽጉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቢጫ ቡናማ ጋዝ ካያችሁ ወይም እንደ ክሎሪን የሚሰነፍጥ ሽታ ከመጣ ራቁ። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ይገድላልም። የሚፈሰው ጭማቂ ደግሞ ወደ ወንዝ ወይም ምንጭ እንዳይደርስ አድርጉ፤ የውሃውን ኦክስጅን ጨርሶ ዓሣ ይፈጃል።

ደረጃ 5፦ በጠርሙስ ፈትኑ

ማስታወቂያ ከማመን ይልቅ በራስ ሳር መሞከር ይሻላል። ባለ አንድ ሊትር፣ የጎማ ቀለበት ያለው ክዳን የሚገጥም 12 የመስታወት ማሰሮ አዘጋጁ። እንዲህ ያለው ክዳን ጋዝ ያስወጣል፣ አየር አያስገባም። አራት ዓይነት፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት፦ ምንም ያልተጨመረበት፣ ሞላሰስ፣ ፎርሚክና ባክቴሪያ።

ከአንድ ክምር አራት ጊዜ ሦስት ሦስት ኪሎ መዝኑ። በቶን 4 ሊትር ፎርሚክ ለ3 ኪሎ 12 ሚሊ ሊትር ነው። በቶን 30 ኪሎ ሞላሰስ 90 ግራም ነው። በቶን 1 ግራም የባክቴሪያ ዱቄት ግን 3 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ የወጥ ቤት ሚዛን አያየውም። 1 ግራሙን በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡና ከዚያ 3 ሚሊ ሊትር ውሰዱ። እያንዳንዱን በ60 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥናችሁ አዳርሱ። ምንም ያልተጨመረበትም ይህንኑ ያህል ውሃ ያግኝ፤ አለበለዚያ ውሃን ከማቆያ ጋር እያወዳደራችሁ ነው። እሱን መጀመሪያ፣ ባክቴሪያውን መጨረሻ ሥሩ። እጅ መታጠብ አይረሳ።

እስከ አፉ ጠቅጥቃችሁ ሙሉ፣ መዝኑ፣ ጨለማ ቦታ ለ60 ቀን አስቀምጡ። ሲከፈት እንደገና መዝኑ። የጎደለው ክብደት በጋዝ የወጣው ነው። ከሁሉ ርካሹ መለኪያ ይህ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ደረጃ 6፦ ውጤቱን አንብቡ

ለፒኤች 25 ግራም ሳይሌጅ በ225 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አዋህዱ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ለኩ። ከ20 በመቶ በታች ለሆነ እርጥብ ሳይሌጅ 4 ገደማ መውረድ አለበት። ወደ 30 ለተጠጋው ከ4.3 እስከ 4.7 ይበቃል፤ ድርቀቱ ራሱ ያግዛልና።

የቀረው ለላብ ነው። ለተጠወለገ ሳር ላክቲክ ከደረቅ ቁሱ ከ6 እስከ 10 በመቶ፣ አሴቲክ ከ1 እስከ 3 ከሆነ ደህና ነው። ቡቲሪክ ከ1 በላይ ከሄደ ክሎስትሪዲያ ገብተዋል። የአሞኒያ ናይትሮጅን ከጠቅላላው ናይትሮጅን 10 በመቶ አካባቢ ወይም በታች ቢሆን ጥሩ፣ ከ15 በላይ ከሆነ ፕሮቲኑ ክፉኛ ፈርሷል። አመዱ፣ ማለትም ናሙናው ሲቃጠል የሚቀረው፣ ከ10 በመቶ ካለፈ አፈር ይዛችሁ መጥታችኋል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ የፎርሚኩ ማሰሮ ላክቲኩ ዝቅ ብሎ ስታዩ አትደንግጡ። የታሰበውም ያ ነው፤ ስኳሩንና አሞኒያውን ተመልከቱ። ሁለተኛ፣ በምድጃ ስታደርቁ አልኮሉና አንዳንዱ አሲድ አብሮ ይተናል፤ ስለዚህ ደረቅ ቁሱ ከእውነቱ ትንሽ አንሶ ይወጣል።

በመጨረሻ የመሞቅ ፈተናው። ከእያንዳንዱ ዓይነት ልል አድርጋችሁ ወደ ባልዲ ገልብጡ፣ በስስ ጨርቅ ሸፍኑ፣ መሃሉ ላይ ቴርሞሜትር ትከሉ። ከክፍሉ ሙቀት በ2 ዲግሪ ለመብለጥ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ጻፉ። ቶሎ የሞቀው ማቆያ ዋናው ጉድጓድ ላይ ሲገባ፣ በየቀኑ ከፊቱ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቆርሳችሁ መመገብ ካልቻላችሁ፣ ወይ ማቆያውን ቀይሩ ወይ ጉድጓዱን አጥብቡ። ሻጋታ የያዘውን ዳር ዳሩን ከሌላው ጋር አትደባልቁት። በደንብ ያልታሸገና ፒኤቹ ከፍ ያለ ጠርዝ ሊስቴሪያ የተባለችው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የምትራባበት ቦታ ነው፤ በተለይ በግና ፍየል ካላችሁ አውጥታችሁ ጣሉት።